«ሲስተም የለም» ሲባል ኪሳራው የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ከባንክ ሰልፍ ለምደነዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ግን ያው ቃል ከመጉላላት አልፎ የዋጋ ልዩነት ይዞ መምጣት ጀምሯል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በዚህ ዙሪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጠዋቱ 4፡10 ላይ 200 አክሲዮን በ1,250 ብር እንዲሸጥልኝ በስልኬ መተግበሪያ አዘዝኩ። «ተልኳል» አለኝና እዚያው ቀረ። 4፡50 ላይ ሲመለስ ዋጋው 1,235 ሆኖ አገኘሁት። ከፍ ይላል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ወረደና በ1,190 ሸጥኩ። በአንድ አክሲዮን 60 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ከስሬያለሁ። ብሮከሬ «ችግሩ የገበያው ነው» ይለኛል። ማንን ልጠይቅ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ መጀመሪያ ትዕዛዝዎ የት ላይ እንደቆመ ይወቁ። ከስልክዎ የወጣ ትዕዛዝ ወደ ብሮከሩ ሲስተም ይገባል። ብሮከሩ አክሲዮኑ በሂሳብዎ መኖሩን አይቶ ወደ ገበያው ያስተላልፈዋል። ገበያው ሲቀበለው ደግሞ የራሱን ቁጥርና ሰዓት ሰጥቶ በወረፋ ያስቀምጠዋል። «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ ከስልክዎ መውጣቱን እንጂ ወረፋ መያዙን አይነግርዎትም። ስለዚህ ብሮከሩን «ትዕዛዜ የገበያው ቁጥር ተሰጥቶታል ወይ? በስንት ሰዓት?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ቁጥር ካልተሰጠው ችግሩ ከብሮከሩ ወዲህ ነው። ቁጥር ተሰጥቶት ካልተስተናገደ ግን ጥያቄው ወደ ገበያው ይሄዳል፤ ያም ቢሆን ውልዎ ከብሮከሩ ጋር ስለሆነ ማመልከቻውን የሚያስገቡት ለብሮከሩ ነው።

ሌላም ቀላል ማጣሪያ አለ። ከ4፡10 እስከ 4፡50 ባለው ጊዜ በዚያው አክሲዮን ላይ የተፈጸመ ግብይት አለ? ካለ ገበያው አልቆመም፤ «የገበያው ነው» የሚለው መልስም አያስኬድም። ግብይት ከሌለ ግን ወዲያው «ገበያው ቆሞ ነበር» አይበሉ። የእኛ ገበያ ገና ቀጭን ነው፤ አንድ አክሲዮን ሲስተሙ ደህና እያለም ለረጅም ሰዓት ላይነካ ይችላል። ገበያው የመቋረጥ ማስታወቂያ አውጥቶ እንደነበረ ይጠይቁ፤ በሌላ ብሮከር በኩል የሚገበያይ ሰው ካወቁም በዚያ ሰዓት ትዕዛዝ ማስገባት ችሎ እንደነበረ ያጣሩ።

አሁን ወደ 12,000 ብሩ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ይህን ቁጥር የሚያገኙ አይመስለንም። ካሳ የሚታሰበው «ሲስተሙ ባይቆም ኖሮ በእርግጥ ምን ይሆን ነበር?» በሚለው ነው። በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ በ1,250 ብር የተሸጠው 600 አክሲዮን ነው እንበል። በተመሳሳይ ዋጋ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። በ4፡10 ላይ ከእርስዎ በፊት 500 አክሲዮን ተሰልፎ ከነበረ፣ ሲስተሙ ቢሠራም ከ200ው የሚሸጥልዎ 100 ብቻ ነበር። በዚህ ብቻ 12,000 ወደ 6,000 ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጠበቅዎ ጉዳይ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1802 ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። 4፡50 ላይ በ1,235 መሸጥ ይችሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የ45 ብር ቅናሽ የሲስተሙ ሳይሆን የእርስዎ ግምት ውጤት ነው። ስለዚህ የሚቀረው በ1,250 እና በ1,235 መካከል ያለው 15 ብር በ100 አክሲዮን ሲባዛ፣ 1,500 ብር ነው። ያናድዳል፤ ነገር ግን 1,500 ብርን በሰነድ ይዞ መሄድ 12,000 ብርን በቁጣ ከመጠየቅ የተሻለ ውጤት አለው።

ይህ ስሌት የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 2012 የፌስቡክ አክሲዮን በአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ በናስዳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጥ ሲስተሙ ተዛብቶ የብዙዎች ትዕዛዝ ሳይፈጸም፣ የተፈጸመውም ሳይረጋገጥላቸው ለሰዓታት ቆየ። ናስዳክ እስከ 62 ሚሊዮን ዶላር ለካሳ መደበ። ኪሳራው የተለካው ግን እያንዳንዱ ሰው በሸጠበት ዋጋ ሳይሆን፣ ማረጋገጫው መድረስ ከጀመረ በኋላ በነበሩት 45 ደቂቃዎች አማካይ ዋጋ ነው። ቀኑን ሙሉ የጠበቀ ሰው የጠበቀበት አልታሰበለትም። ዩቢኤስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ በዚያ ቀን ወደ 356 ሚሊዮን ዶላር እንደከሰረ ገልጾ ነበር፤ ከጠቅላላው መደብ ጋር ሲያስተያዩት ምን ያህሉ ሜዳ ላይ እንደቀረ ይታያል።

ገበያው በሙሉ ለሁሉም ሰው ቆሞ ከነበረ ደግሞ ጥያቄዎ ይበልጥ ይሳሳል። ማንም በ1,250 ስላልሸጠ «እኔ እሸጥ ነበር» የሚለውን የሚያስረዳ መዝገብ አይኖርም። ጠንካራው ጥያቄ ገበያው እየሠራ የእርስዎ ብሮከር ብቻ ሲቆም የሚነሳው ነው።

ጥያቄ፦ ሂሳብ ስከፍት የፈረምኩት ውል ላይ «ለሲስተም መቋረጥ፣ ለኔትወርክና ለመብራት ችግር ተጠያቂ አይደለንም» ይላል። ከፈረምኩ አበቃ ማለት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አላበቃም፤ ግን ሥራዎ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲወስኑ፣ «ጥፋት ካልሠራን አንጠየቅም» ብለውም እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ከዚያ አልፎ «ብናጠፋም አንጠየቅም» የሚል አንቀጽ ለክርክር የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ክርክርዎ «ሲስተም ቆመ» ላይ ሳይሆን «በጥፋታችሁ ቆመ» ላይ ይሁን። መጠባበቂያ መስመር ነበራቸው? ገበያው ክፍት እያለ ሶፍትዌር ሲቀይሩ ነው የቆመው? መተግበሪያው ሲሞት ትዕዛዝ በስልክ ይቀበሉ ነበር ወይስ የሚያነሳ አልነበረም?

ስለ መብራት አንድ ነገር እንጨምር። በአንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚባለው ባለዕዳው በተለምዶ ሊጠብቀው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍቶ «መብራት ይጠፋል ብዬ አልጠበቅኩም» የሚል ድርጅት ዳኛውንም ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ጀነሬተር፣ ዩፒኤስና ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ከአንድ ብሮከር የሚጠበቁ ተራ ነገሮች ናቸው።

ገበያዎች ራሳቸውም ፍጹም ከለላ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በቶኪዮ ሚዙሆ ሴኩሪቲስ የተባለው ብሮከር ሠራተኛ አንድ አክሲዮን በ610,000 የን መሸጥ ሲገባው 610,000 አክሲዮን በአንድ የን ብሎ አዘዘ። ስህተቱን አይተው ለመሰረዝ ቢሞክሩ የቶኪዮ ገበያ ሲስተም ስረዛውን አልቀበልም አለ። ኪሳራው ወደ 40 ቢሊዮን የን ደረሰ። የገበያው ደንብ ኃላፊነቱን የሚገድብ ቢሆንም ፍርድ ቤት ገበያው 10.7 ቢሊዮን የን እንዲከፍል ወሰነ፤ የነገሩ ልክ አለመሆን እየታየ ግብይቱን ባለማስቆሙ። ለሙሉው አልተፈረደበትም፣ ለሙሉውም ነፃ አልወጣም፤ የመጀመሪያው ስህተት የሚዙሆ ነበርና።

ጥያቄ፦ በተቃራኒው ብሆንስ? ሲስተሙ ተሳስቶ በጣም በርካሽ የገዛሁት አክሲዮን ይወሰድብኛል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ቶሎ ሸጠው ገንዘቡን አያንቀሳቅሱት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2024 በኒውዮርክ ከ600,000 ዶላር በላይ የነበረው የበርክሻየር ሃታዌይ አክሲዮን በሲስተም ችግር 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆኖ ታየ። ገበያው በ603,718.30 ዶላርና ከዚያ ባነሰ ዋጋ የተፈጸሙትን ሁሉ ሰረዘ። እዚህም በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ከሂሳባቸው በላይ ያወጡ ሰዎች እንዲመልሱ መጠየቃቸውን ያስታውሳሉ። ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ኪሳራ የበለጸገ መመለስ እንዳለበት በፍትሐ ብሔር ሕጉም ተቀምጧል።

የኒውዮርኩ ታሪክ ሌላ ጎን ግን ይበልጥ ያስተምራል። ቆሞ የነበረው ግብይት ዳግም ሲከፈት «በተገኘው ዋጋ ግዛልኝ» ብለው ያዘዙ ሰዎች አክሲዮኑ እስከ 741,971 ዶላር ተገዛላቸው። ይህኛው አልተሰረዘም። ኢንተርአክቲቭ ብሮከርስ የተባለው ድርጅት የደንበኞቹን ጉዳት ሸፍኖ ገበያውን ቢጠይቅ ውድቅ ተደረገበት፤ 48 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ሲስተም ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ዋጋ ሳይወስኑ ማዘዝ በገዛ እጅ ኪስን መቅደድ ነው። ሁልጊዜ «ከዚህ በላይ አትግዛ፣ ከዚህ በታች አትሽጥ» የሚል ዋጋ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ? ለማን፣ እስከ መቼ? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ አንድ ገጽ ይበቃል። የሂሳብ ቁጥር፣ የአክሲዮኑ ስም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ መግዣ ወይስ መሸጫ መሆኑ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ፣ ያዘዙበት ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ቃል በቃል፣ ለብሮከሩ የደወሉበት ሰዓት፣ ሲስተሙ የተመለሰበት ሰዓትና የዚያን ጊዜው ዋጋ፣ በመጨረሻም ስሌትዎ። ስክሪንሻቱን አያይዙ፤ ሲያነሱት የስልኩ ሰዓት ከላይ እንዲታይ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሰዓት አቆጣጠር ነው። የሲስተሙ መዝገብ 10፡10 ሲል እርስዎ 4፡10 ብለው ከጻፉ፣ መዝገቡን የሚያየው ባለሙያ «በዚህ ሰዓት የገባ ትዕዛዝ የለም» ብሎ ሊመልስዎ ይችላል። ሁለቱንም ይጻፉ፦ «ከጠዋቱ 4፡10፣ በሲስተሙ 10፡10»። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።

በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ለብሮከሩ መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያረፈበትን አንዱን ቅጂ ይዘው ይመለሱ። በአንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ባይ ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለበት ይህ ወረቀት ዋጋ አለው። በዚያው ደብዳቤ የተቀዱ የስልክ ንግግሮችና የሲስተም መዝገቦች እንዳይጠፉ ይጠይቁ። የውል ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በአንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት፣ ከውል ውጭ የሆነው በአንቀጽ 2143 በ2 ዓመት ነው። ይህን ሰምተው ግን አይዘናጉ፤ የተቀዳ ስልክ በላዩ ሌላ እስኪቀዳበት ዓመት አይጠብቅም። በሦስት ቀን ውስጥ ቢያስገቡ ጥሩ ነው።

ብሮከሩ ካልመለሰ ለገበያው፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አቤቱታ ያቅርቡ። በባለሥልጣኑ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት አስተዳደራዊ ችሎትም በአዋጁ ተደንግጓል። ለ1,500 ብር ጠበቃ አይቅጠሩ፤ ይህን መንገድ ራስዎ መሄድ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መተግበሪያው ሲቆም ወዲያው ምን ላድርግ? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ደጋግመው አይጫኑ። «ሽጥ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ከጫኑ ሲስተሙ ሲመለስ ሦስቱም ሊያልፉ ይችላሉ፤ 100 ለመሸጥ ያሰቡ ሰው 300 ሸጦ ይገኛል፤ ይህን ደግሞ ማንም አይክስዎትም። አንዴ ከጫኑ በኋላ ስክሪንሻት ያንሱ፣ ለብሮከሩ ይደውሉ፣ የመጀመሪያው ትዕዛዝ መግባቱን ወይም መሰረዙን ሳያረጋግጡ ሁለተኛ አይስጡ። ስልኩ ካልተነሳ ያንኑ በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ወይም በኢሜይል ይላኩ፤ ሰዓቱ ስለሚመዘገብ በኋላ ማስረጃ ይሆናል። የቆመው የራስዎ ስልክ ወይም የዳታ ጥቅልዎ ከሆነ ግን የሚጠየቅ የለም። በአሜሪካ ናይት ካፒታል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በራሱ ሶፍትዌር ስህተት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቶ ጉዳቱን ራሱ ተሸክሟል፤ ከስምንት ሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ አዲሱ ኮድ አልተጫነም ነበር።