ሃያ ሦስት ዓመት የፈጀው ጦርነት፦ ስለ ሞንጎሎችና ስለ ሰሜን ቻይና ለጠየቃችሁኝ

ስለ ሞንጎሎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኛው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው። በድንኳን የሚኖር ከብት አርቢ ሕዝብ ያንን ሁሉ ግንብ እንዴት ሰበረ? ይህን ዘመን ለዓመታት ሳነበው ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሞንጎሎች የወጉት ቻይናን ነው ወይስ ሌላ አገር? ስሞቹ ግራ አጋቡኝ።

ግራ ቢያጋባህ አይገርምም። በ1200 አካባቢ አንድ ቻይና የሚባል መንግሥት አልነበረም። ደቡቡን የያዘው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ነው። ሰሜኑን፣ ማለትም የዛሬዋን ቤጂንግና የቢጫ ወንዝን አካባቢ፣ የያዙት ጁርቸኖች ናቸው። ከማንቹሪያ የመጡ ሕዝቦች ሲሆኑ መንግሥታቸው ጂን ይባላል። በ1127 የሶንግን ዋና ከተማ ካይፌንግን ይዘው ሁለት ንጉሠ ነገሥት ማርከው ሄደዋል። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ታንጉቶች የሚገዙት ምዕራብ ሺያ ነበር።

ጄንጊስ ካን የጀመረው ከደካማው ከሺያ ነው። በ1209 ዋና ከተማቸውን ከበበ። ወንዙን ገድቦ ከተማዋን ሊያጥለቀልቅ ሞከረ፤ ግድቡ ፈርሶ ውሃው የራሱን ሰፈር አጥለቀለቀው። የሺያ ንጉሥ ግን ቀድሞ ተሰላችቶ ነበርና ልጁን ድሮለት ገበረ።

ጥያቄ፦ ጂኖች ምን አድርገውት ነው እንደዚያ የጠላቸው?

የቆየ ደም ነበር። ከእሱ በፊት የሞንጎሎች መሪ የነበረውን አምባጋይን ታታሮች ይዘው ለጂን አስረከቡት። ጂኖች ከእንጨት በተሠራ አህያ ላይ ቸንክረው እንደገደሉት ይነገራል። አምባጋይ ሲሞት የላከው መልእክት ጥፍራችሁ እስኪያልቅ ተበቀሉልኝ የሚል ነበር። ይህ በየድንኳኑ ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው።

እንዲያም ሆኖ ጄንጊስ ራሱ ወጣት ሳለ በ1196 ከጂን ጎን ቆሞ ታታሮችን ወግቷል። ጂኖች ማዕረግ ሰጥተውታል። እንደ ባለሟል ነበር የሚያዩት። በ1208 የጂን ንጉሥ ሞተና ዮንግጂ የሚባል ልዑል ዙፋኑን ያዘ። መልእክተኛው ለአዲሱ ንጉሥ እጅ ንሣ ሲለው ጄንጊስ ማን እንደነገሠ ጠየቀ። ዮንግጂ መሆኑን ሲሰማ ወደ ደቡብ ዞሮ ምራቁን ተፋ፤ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቶት ስለነበር ንቆታል። በ1211 ጦርነቱ ተጀመረ።

ጥያቄ፦ ታላቁ ግንብ ለምን አላስቆማቸውም?

ይህን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። በፎቶ የምናየው የድንጋይና የጡብ ግንብ ያን ጊዜ አልነበረም። እሱ በኋላ የመጣው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሥራ ነው። ጂኖች የነበራቸው የአፈር ካብና ረጅም ቦይ ነው። ያንን ድንበር የሚጠብቁላቸውም ጁርቸኖች ሳይሆኑ ኦንጉት የሚባሉ ሌሎች ሕዝቦች ነበሩ። የኦንጉቶች አለቃ ከጄንጊስ ጋር ተወዳጀ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ ማለት ነው። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል የሚባለው በትክክል ጂን ላይ ደርሷል።

ከቤጂንግ በላይ ያለው የጁዮንግ በርም አለ። በ1211 የጄንጊስ አዛዥ ጀቤ የተሸነፈ መስሎ ሸሸ። ጠባቂዎቹ ደስ ብሏቸው እያሳደዱት ወጡ፤ ከምሽጋቸው ሲርቁ ዞሮ ፈጃቸው። በ1213 ጂኖች ተምረው ነበር። በሩን ብረት አቅልጠው ደፈኑት፣ መንገዱ ላይ የፈረስ እግር የሚወጋ የብረት እሾህ በተኑ። ሞንጎሎች በሌላ የተራራ በር ዞረው ከጀርባ መጡባቸው።

ጥያቄ፦ ስንት ነበሩ? መሣሪያቸውስ?

በ1206 ጄንጊስ ሠራዊቱን ሲያደራጅ 95 የሻለቃ ክፍል አቋቁሟል፤ መቶ ሺህ ገደማ ነው። አደረጃጀቱ እኛ አሥር አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የምንለው ዓይነት ነው፤ በላዩ የአሥር ሺህ አለቃ አለ። አንድ ነገድ ለብቻው እንዳይሰለፍ ሰዎቹን ቀላቅሏቸዋል። ቀስታቸው ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት ተጣብቆ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ሰው ብዙ ፈረስ ስለሚይዝ አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ትልቁ ውጊያ የትኛው ነው?

የ1211ዱ የየሁሊንግ ውጊያ ይመስለኛል። የዱር ቀበሮ ሸንተረር እንደማለት ነው። ጂኖች ብዙ ሠራዊት ይዘው ተራራው ላይ ሰፈሩ። ስህተታቸው ኃይላቸውን በየሸለቆው መበተናቸው ነው፤ አንዱ ሲወጋ ሌላው አይደርስለትም። ይባስ ብሎ የጂን አዛዥ ወደ ጄንጊስ የላከው መልእክተኛ ሺሞ ሚንግአን ኪታን ነበር። ኪታኖች ጁርቸኖች መንግሥታቸውን ያጠፉባቸው ሕዝቦች ናቸው። ሰውየው እዚያው ከድቶ የጂንን አሰላለፍ ለጄንጊስ ነገረው። ከዚያ የጄንጊስ አዛዥ ሙቃሊ ፈረሰኞቹን ይዞ መሀሉን ሰነጠቀው።

ከ10 ዓመት በኋላ ቺዩ ቹጂ የሚባል የታኦ መነኩሴ ጄንጊስን ሊያገኝ በዚያ ሲያልፍ፣ የሟቾቹ ነጭ አጥንት ሜዳው ላይ እንደተበተነ ነበር። ያንን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። የሚቀብራቸው ዘመድ አልደረሰም።

ጥያቄ፦ ፈረሰኛ ቅጥር ላይ አይወጣም። ከተማዎቹን እንዴት ያዙ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ላይ አይችሉም ነበር። ገጠሩን ይዘርፋሉ፣ እህሉን ያቃጥላሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። በኋላ ግን የጂን ሰዎች ራሳቸው መጡላቸው። ኪታኖች መጡ። ቻይናውያን የጦር አዛዦች ከነወታደሮቻቸው ገቡ። ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ተማረኩ፤ የእጅ ባለሙያ ሲማረክ አይገደልም ነበር። ከ1217 ጀምሮ ጄንጊስ ወደ ምዕራብ ሲዘምት ሰሜን ቻይናን ለሙቃሊ ተወለት። ሙቃሊ የነበረው የሞንጎል ኃይል ጥቂት ነው። አብዛኛው ጦሩ ኪታን፣ ቻይናዊና ጁርቸን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጭካኔ ነው። ከየመንደሩ የተያዘውን ገበሬ ከፊት እየነዱ ቦይ ያስሞሉታል፣ ቅጥር ሥር ያስጠጉታል። ከላይ ያለው ወታደር ቀስቱን ሲስብ ዒላማው ውስጥ የሚያየው የራሱን ወገን ነው።

ሦስተኛው ረሃብ ነው። ዦንግዱን፣ የዛሬዋን ቤጂንግ፣ እንውሰድ። በ1213 አንድ የጂን ጄኔራል ዮንግጂን ገድሎ ሌላ አነገሠ። አዲሱ ንጉሥ በ1214 ልዕልት፣ 500 ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ 3,000 ፈረስ፣ ወርቅና ሐር ሰጥቶ ታረቀ። ጄንጊስ ተመለሰ። ንጉሡ ግን ፈርቶ ቤተ መንግሥቱን ወደ ደቡብ ወደ ካይፌንግ አዛወረ። ጄንጊስ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። በመንገድ ላይ የንጉሡ የኪታን ወታደሮች ዐመፁ። ዦንግዱ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ስንቅ ተከበበች። ሰው ሰው እስከ መብላት ደረሰ ይባላል። አዛዡ መርዝ ጠጥቶ ሞተ፤ በ1215 ከተማዋ ወደቀች።

እኔ ሁሌም የምለው፣ ጂንን የጣለው ፈረስ ብቻ አይደለም። የራሱ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ጥለውት ሄደዋል።

ጥያቄ፦ ቻይናውያን ባሩድ አልነበራቸውም እንዴ?

ነበራቸው፤ በደንብም ተጠቅመውበታል። በ1232 የሞንጎሎች አዛዥ ሱቡታይ ካይፌንግን ሲከብ ሞንጎሎች በላም ቆዳ የተሸፈነ መጠለያ እየገፉ ቅጥሩ ሥር ይቆፍሩ ነበር። ቀስት አይበሳውም። ጂኖች ባሩድ የተሞላ የብረት ማሰሮ በሰንሰለት ወደ ታች ያወርዱባቸዋል። ሲፈነዳ ቆዳውም ሰውየውም ይበጣጠሳል። ስሙ "ሰማይ አናዋጭ ነጎድጓድ" ነው። ድምፁ ከ100 ሊ፣ ማለትም ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይሰማ ነበር ይላል የጂን ታሪክ።

ሌላው የእሳት ጦር ነው። 16 ድርብ ጠንካራ ወረቀት ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። ውስጡ ከሰል፣ ድኝና የብረት ፍቅፋቂ ይሞላና ጦር ጫፍ ላይ ይታሰራል። በ1233 የጂን አዛዥ ፑቻ ጓንኑ 450 ሰው ይዞ በሌሊት የሞንጎልን ሰፈር በዚህ አጠቃ፤ ከ3,000 በላይ ሞንጎሎች ወንዝ ውስጥ ገብተው ሰጠሙ። ግን ያን ጊዜ ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ ሞንጎሎች ተሸንፈው አያውቁም?

ያውቃሉ። ዋንያን ቸንኸሻንግ የሚባለውን ሰው ማወቅ አለባችሁ። ጁርቸን ነው። በ1228 በዳቻንግዩዋን 400 ፈረሰኛ ይዞ 8,000 ሞንጎሎችን እንዳሸነፈ ተጽፏል። ወታደሮቹ ከየቦታው የተሰደዱ፣ ከሞንጎሎች ያመለጡ ሰዎች ነበሩ። ሌላው ጦር ገበሬውን ሲዘርፍ የእሱ ጦር እህል አይነካም ነበር።

በ1232 መጀመሪያ ላይ ጄንጊስን የተካው ልጁ የኦጎዴይ ወንድም ቶሉይ በሶንግ ግዛት ዞሮ ከደቡብ መጣ። የጂን ዋና ጦር በሳንፌንግሻን ተራራ ተከበበ። በረዶ ጣለ። ወታደሮቹ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ የጦራቸው እንጨት በበረዶ ወፈረ። ያ ጦር እዚያ አለቀ። ቸንኸሻንግ አምልጦ አንዲት ከተማ ገባ፤ ከተማዋም ተያዘች። ግርግሩ ሲበርድ ራሱ ወጥቶ አዛዣችሁ ጋ ውሰዱኝ አለ። በግርግር ብሞት አገሩን ከዳ ይሉኛል፤ በግልጽ ስሞት ግን የሚያውቀኝ ይኖራል ብሎ። ተንበርከክ ሲሉት እምቢ አለ። እግሩን ቆረጡት፣ አፉን እስከ ጆሮው ቀደዱት። እየተሳደበ ሞተ። ሞንጎሎቹ ራሳቸው የፈረስ ወተት መሬት ላይ አፍስሰው ዳግመኛ ስትወለድ እኛ ጋ ተወለድ አሉት።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው አለቀ?

በ1207 ጂን ሕዝቡን ሲቆጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሞንጎሎች በ1230ዎቹ ሲቆጥሩ ያገኙት ከ2 ሚሊዮን ያነሰ አባወራ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ሞት አይደለም። ወደ ደቡብ የሸሸ አለ፣ በየጌታው ሥር ባሪያ ሆኖ ያልተቆጠረ አለ። በጦር ከሞተው በተጨማሪ ረሃብና ወረርሽኝ የጨረሰው ብዙ ነው። በ1232 በካይፌንግ በ50 ቀን ውስጥ ከ900,000 በላይ አስከሬን ከበሮቿ ወጣ ይላል የጂን ታሪክ።

ከዚያ በላይም ሊሆን ይችል ነበር። ካይፌንግ በ1233 ስትያዝ ሱቡታይ በልማዱ ሁሉንም ልፍጅ ብሎ ጠየቀ። የኦጎዴይ አማካሪ የሆነው ኪታኑ የሉ ቹሳይ ተከራክሮ አስቀረው። ከተማዋ ውስጥ የተጠለለው ሰው 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ነበር ይባላል። ከዚያ ቀደምም አንዱ ባለሥልጣን እነዚህ ገበሬዎች ምን ይጠቅሙናል፣ አጥፍተን አገሩን ግጦሽ እናድርገው ብሎ ነበር። ቹሳይ በሥርዓት ግብር ብታስከፍል በዓመት 500,000 ሊያንግ (የቻይና ሚዛን ነው) ብር፣ 80,000 ጥቅል ሐርና ሺ በሚባለው የቻይና መስፈሪያ 400,000 እህል ይገባልሃል ብሎ ለኦጎዴይ አሰላለት። አሠርቶ ሲያየው እውነት ሆነ። ገበሬው በዚህ ስሌት ተረፈ። ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በተዘዋዋሪ አዎ። በ1221 ግብፅ ውስጥ የነበሩ የመስቀል ጦረኞች ከምሥራቅ አንድ ክርስቲያን ንጉሥ እየመጣልን ነው የሚል ወሬ ሰሙ። የሚመጣው የሞንጎል ጦር ነበር። አውሮፓውያን ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን ሰው መጀመሪያ የፈለጉት በእስያ ነው። እዚያ ሲያጡት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ዞሩ። ፖርቱጋሎች በኋላ እኛ ዘንድ የመጡት ያንን ስም ይዘው ነው።

ጥያቄ፦ የጂን የመጨረሻው ንጉሥ ምን ሆነ?

አይዞንግ ይባላል። ከካይፌንግ ሸሽቶ ሳይዦ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ። ሞንጎሎች ከሰሜን ከበቡት። ሶንጎችም ጦርና እህል ይዘው ሞንጎሎችን ሊያግዙ መጡ። ጂን ከጠፋ ቀጣዩ እናንተ ናችሁ ብሎ መልእክት ላከባቸው፤ አልሰሙትም።

በ1234 የካቲት መጀመሪያ ከተማዋ ልትወድቅ ስትል ዙፋኑን ለዘመዱ ለቸንግሊን አስረከበ። ሰውነቴ ከብዷል፣ ፈረስ ላይ አልችልም፤ አንተ ፈጣን ነህ፣ ምናልባት ብታመልጥ ዘራችን አይጠፋም አለው። የንግሥናው ሥርዓት እየተፈጸመ ቅጥሩ ላይ የሶንግ ሰንደቅ ታየ። አይዞንግ ራሱን ሰቀለ። ቸንግሊን በነገሠ በዚያው ቀን ሲዋጋ ተገደለ። የአይዞንግን አስከሬን ሰዎቹ አቃጥለውት ነበር። የተረፈውን አጥንት ሞንጎሎችና ሶንጎች ተካፈሉት። የሶንግ ድርሻ በድል ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ሊንአን ተወሰደ። ከ42 ዓመት በኋላ በ1276 ሊንአንም ለጄንጊስ የልጅ ልጅ ለኩብላይ ካን እጇን ሰጠች።