መልስ፦ ኤልኢዲው በ9 ቮልት ባትሪ ላይ ለምን ተቃጠለ?

390 ኦም ሬዚስተር (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ የሚገድብ አካል) ከኤልኢዲው (ከትንሿ መብራት) ጋር በተከታታይ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትለው በአንድ መስመር፣ ያገናኙ። ቀዩ ኤልኢዲ ባትሪው ላይ በቀጥታ ሲገናኝ ብልጭ ብሎ የጠፋብዎት፣ በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት በራሱ መገደብ ስለማይችል ነው።

ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ የቀረው 7 ቮልት በሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። 7 ቮልትን ለኤልኢዲው በተለምዶ ለሚመቸው ከረንት፣ ለ0.02 አምፔር (20 ሚሊአምፔር)፣ ሲያካፍሉት 350 ኦም ይመጣል፤ በብዛት ከሚገኙት መጠኖች መካከል ከዚህ ከፍ የሚለውን 390 ቢመርጡ ከረንቱ ወደ 18 ሚሊአምፔር ዝቅ ይላል፣ የብርሃኑ ልዩነት ግን በዓይን አይታወቅም። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ይሁን።

ከረንቱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለኩ መሣሪያውን በተከታታይ ያስገቡ እንጂ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በቀጥታ አያስነኩት፤ እኔ በቀጥታ አስነክቼ የመልቲሜትሬን ፊውዝ አቃጥያለሁ።