«መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል»፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዐቢይ ጾምን በደንብ ነበር የጀመርኩት። በሁለተኛው ሳምንት፣ በቅድስት ግን ከጓደኞቼ ጋር ወጣሁና ትቼው የነበረውን መጠጥ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፍራለሁ። የንስሓ አባቴ ሲደውሉም አላነሣም። እንዲህ ሆኜ ከምቀርብ መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና ከፋሲካ በኋላ ልመለስ ብዬ አስቤያለሁ። ጾሜስ ፈርሷል ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጾምህን ቀጥል። ስለ መጠጡ ብዙ አልልህም። ጥፋት መሆኑን አንተው ታውቀዋለህ። እኔን ያስጨነቀኝ «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል» ያልከው ነው። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቼዋለሁ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ግን «ከፋሲካ በኋላ» ያሉት ስንቶቹ ዓመታት አለፉባቸው!

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በዘወረደ ያሰብነውን አስታውስ። አዳም ትእዛዝ አፈረሰ፣ በላ። ከበላ በኋላ ምን አደረገ? ቅጠል ሰፍቶ አገለደመ። ቀጥሎም ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ በዛፎች መካከል ተሸሸገ (ዘፍ. 3፥7-8)። መብላቱ አንድ በደል ነው። መሸሸጉ ግን ከሚያድነው አራቀው። አንተም አሁን ያለኸው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ስልኩ ሲጠራ ዝም የምትለው ለዚህ ነው።

እግዚአብሔር «ወዴት ነህ?» ብሎ የጠራው አዳም የት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም። ወጥቶ እንዲናገር ነው። አዳም ግን ወደ ሔዋን ጠቆመ፣ ሔዋንም ወደ እባቡ። እንዲያም ሆኖ አምላክ አልተዋቸውም። የቁርበት ልብስ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥21)። በገዛ እጃቸው የሰፉት ቅጠል ዕርቃናቸውን አልሸፈነምና። አንተ «ራሴን ላስተካክል» የምትለውም ያው ቅጠል ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚለውን ተስፋ (አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ሲቆጠር 5500 ዓመት ማለት ነው) አዳም የተቀበለው ወጥቶ ሲያለቅስ ነው።

አሁን ደግሞ አራተኛው ሳምንት፣ መጻጕዕ ላይ ነን፤ በወንጌል ያለው የበሽተኛው ሰው መታሰቢያ ነው። ያ ሰው 38 ዓመት ታሞ ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው እንጂ «መጀመሪያ ተነሥተህ ና» አላለውም። ፈወሰው። «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ያለው ከዚያ በኋላ፣ በመቅደስ ሲያገኘው ነው (ዮሐ. 5፥14)። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። አንተ ገልብጠኸዋል። ደግሞ ያ ምስኪን «ሰው የለኝም» ብሎ ነበር። አንተ ግን ሰው አለህ። እየደወሉልህ ነው!

ይህን ስልህ ግን ነገሩን ቀላል አድርገህ እንዳትወስደው። ሐሙስ ማታ ጠጥቶ እሑድ ማስቀደስ፣ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» እያሉ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ መኖር ንስሓ አይደለም። መጽሐፍ ምሕረትን ያገኛል ያለው ኃጢአቱን ለሚናዘዝና ለሚተው ነው (ምሳ. 28፥13)። ከእነዚያ ጓደኞችህ ጋር ማታ ማታ መውጣቱን ዛሬውኑ አቁም። ቅር ቢላቸው ይበላቸው፤ እውነተኛ ጓደኛ ከሆኑ ይረዱሃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በራስህ ላይ የራስህን ቅጣት አትጫን። ስንቱ ሰው ሲወድቅ ተናዶ እስከ ማታ እህል ውኃ አልቀምስም ይላል፣ አንድ ሺህ ስግደት ይሳላል፣ ከዚያ ሲያቅተው ጭራሽ ሁሉንም ይተዋል። ቀኖና፣ ማለትም ለንስሓ የሚታዘዘውን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት፣ የሚሰጡህ የንስሓ አባትህ ናቸው። መቼ እንደምትቆርብም እሳቸው ይነግሩሃል። ያንተ ሥራ መቅረብ ነው። እሑድ ደብረ ዘይት ነው፣ የጾሙ እኩሌታ። ገና ብዙ ቀን አለህ። ውስጥ መግባት ካሳፈረህ ከደጅ ቆመህም ቢሆን አስቀድስ፤ ብቻ እቤት አትቅር።

«እንደገና ብወድቅስ?» ትል ይሆናል። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል (ምሳ. 24፥16)። ብትወድቅ በዚያው ቀን ተነሥ፤ ሳምንት አታሳድረው።

ለንስሓ አባትህ ዛሬ ማታ ደውልላቸው። ምን ብዬ ልጀምር ካልክ፣ «አባ፣ ወድቄ ነበር፤ ስልክዎን ያላነሣሁት አፍሬ ነው» በላቸው። የቀረውን እሳቸው ይጠይቁሃል።