ጎልማሳ ባዶ እጁን አይመጣም፦ ስለ ትምህርትና ሥልጠና ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት «ስለ ጎልማሶች ትምህርትና ስለ ሙያ ሥልጠና ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ለማታውቁኝ፣ ቀን ቀን የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ለዓመታት ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምሬያለሁ። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ 14 ዓመት ብየዳ ሠርቻለሁ። በርና መስኮት፣ የታንከር ማቆሚያ፣ አጥር፣ ሁሉን እሠራለሁ። ወረቀት ግን የለኝም። አሁን አሁን ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች የብቃት ማረጋገጫ አምጣ ይሉኛል። ኮሌጅ ገብቼ ከመጀመሪያው ልማር? (ከአዳማ)

የለም ወንድሜ፣ ከሀ መጀመር የለብህም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንዱ ዋና ሐሳብ ይኸው ነበር። የሚለካው የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን መሥራት እንደምትችል ነው። ኮሌጅ የተማረም፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገም፣ አባቱ ያስተማረውም ለአንድ ዓይነት ምዘና ይቀርባል። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ማለት ነው።

ግን ሳትዘጋጅ አትሂድ። በመጀመሪያ በአቅራቢያህ ካለ ኮሌጅ ወይም የምዘና ማዕከል የሙያህን «የሙያ ደረጃ» ሰነድ ጠይቅ። ምን ምን እንደምትጠየቅ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል። ቁጭ ብለህ የምትችለውን በእርሳስ ምልክት አድርግበት። አብዛኛውን ትችለዋለህ። እንዳንተ በሥራ ላይ ለተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ንድፍ ማንበብ፣ የደኅንነት ጥንቃቄና በእጁ የሚሠራውን በስሙ መጥራት ነው።

አንድ ሰው አስታውሳለሁ። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ነበር። ሠልጣኞቼን ጠርቼ ያሳየሁት ሥራ ነው። ምዘናውን ግን ወደቀ። ጓንት ሳያደርግ ጀመረ፣ ንድፉ ላይ ያለውን የብየዳ ምልክትም ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ እየመጣ እነዚህን ብቻ ተማረ። በሁለተኛው አለፈ። ዓመታት ኮሌጅ ቢቀመጥ ኖሮ የሚያውቀውን ለመማር ብሎ የቤቱን እንጀራ ያጣ ነበር።

ጥያቄ፦ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ነኝ። 30 ሰው ተመዝግቦ ወር ሳይሞላ 9 ቀሩ። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ምን አጥፍቼ ነው? (ከባሕር ዳር ዙሪያ)

እህቴ፣ 21 ሰው እስካሁን ይዘሻል፣ ተስፋ አትቁረጪ። እኔ የመጀመሪያ ክፍሌን ያጣሁት ከዚህ በባሰ ፍጥነት ነው። የጉልት ነጋዴዎች ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ሂ ጽፌ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። አንዲት እናት ገበያ ላይ አግኝቼ «ምነው ቀሩ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔን የቸገረኝ ስልኬ ላይ የሚመጣው ነው። ብር ገባልሽ ይሉኛል። ስንት እንደገባ ግን የሰው ልጅ ለምኜ ነው የማስነብበው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቀን ሁሉም ስልካቸውን ይዘው እንዲመጡ አደረግኩ። አንድ የቴሌብር መልእክት ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ «ብር» የሚለውን፣ ከዚያ የላኪውን ስም አነበብን። «ብር» ሁለት ፊደል ናት። ከ«ብ» ተነስተን በ ቡ ቢ አልን፣ ከ«ር» ተነስተን ረ ሩ ሪ አልን። ከቀሩት ሁለቱ ጎረቤት ጭምር ይዘው ተመለሱ።

ይህ የኔ ግኝት አይደለም። ብራዚላዊው የጎልማሶች አስተማሪ ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብ ያስጀመረው ከኑሯቸው በወጡ ቃላት ነው። እኛም አገር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ሥራ ነበር። እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ነው። ሆኖም ከተማሩት ብዙዎቹ ቆይተው ረሱት፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረማ። ዛሬ ተግባር ተኮር የምንለው የሁለት ዓመት ትምህርት ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር የተቀናጀው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ቦታ መልሶ ሀ ሁ ብቻ ይሆናል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንቺ ዘንድ ደግሞ ሰዓቱን እይው። ማን መረጠው? እነሱ ካልመረጡት ቀይሪው። ገጠር ከሆነ በዓል የሚከበርባቸው፣ እርሻ የማይነካባቸው ቀናት አሉ። ሚካኤልና ማርያም ለብዙ ሰው ከሰኞና ማክሰኞ ይሻላሉ። ሰው ፊት ወደ ሰሌዳ አታስወጪያቸው። ልጅ ቢሳሳት ይስቃል፣ እናት ብትሳሳት ግን አፍራ ትቀራለች። ሒሳብ ላይ ከዜሮ አትጀምሪ። ዕቁብ የሚሰበስቡና ምርት የሚሸጡ ሰዎች በቃላቸው ከኔና ካንቺ ፈጥነው ያሰላሉ። የሚጎድላቸው በጽሑፍ ማስፈሩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ። ዓይናቸውን እይላቸው። ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል። «አልገባ አለኝ» የሚሉሽ አንዳንዶቹ ፊደሉ ስላልታያቸው ነው። መነጽር እስኪገኝ ድረስ በትልቁ ጻፊላቸው።

ጥያቄ፦ በ52 ዓመቴ ኮምፒውተር መማር እችላለሁ? ልጆቼ ይስቁብኛል። (ከደሴ)

ይችላሉ፣ እናቴ። ፈጥነው ላይማሩ ይችላሉ፣ ግን የተማሩት ይቆያል። ለምን እንደሚፈልጉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይሂዱና ለአስተማሪው ያሳዩት። ከዚያ ነገር ይጀምርልዎት።

ጥያቄ፦ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጨርሼ ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። ሥራ ግን የለም። ጊዜዬን አባከንኩ? (ከአዲስ አበባ)

አላባከንሽም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው ይህ ሥልጠና ነፃ ነው፣ ቤትሽ ሆነሽም ትማሪዋለሽ። የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶች አሉት። መሠረታዊ የሚለው ቃል ላይ ግን ልብ በይ። በር ይከፍትልሻል እንጂ እስከ ሥራው አያደርስሽም። ቀጣሪ የሚያየው የሠራሽውን ነው። ሰፈርሽ ያለ ፋርማሲ ወይም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሂጂ። ዕቃቸውን በደብተር ነው የሚመዘግቡት? ያንን ሥራ የሚያቀል ትንሽ ነገር ሠርተሽ ስጪያቸው። ብቻሽንም አትማሪ። ኦንላይን ትምህርት ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ።

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። አሠልጥኜ ሳበቃ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ኮሌጁ ደግሞ ለትብብር ሥልጠና ተማሪ ይልክብኛል። ምን ልጠቀም? (ከሐዋሳ)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በግልጽ ልመልስልዎት። ሰው የሚሄደው ስለሠለጠነ አይደለም። ከሠለጠነ በኋላም ደመወዙ ያው ሲሆንና የቤት ኪራዩ ሲበልጥበት ነው። አንድ ማሽን ከሚያንቀሳቅስ ይልቅ ሦስት የሚችለው ልዩነቱን ደመወዙ ላይ ይይ። ይህንን ገና ሲቀጥሩት በጽሑፍ ይንገሩት።

ስለ ትብብር ሥልጠናው፣ በአገራችን ከሥልጠናው 70 በመቶው ሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው ተቋም ውስጥ ይሁን ተብሎ ነበር። መነሻው የጀርመን አሠራር ነው። እዚያ ሠልጣኙ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ፣ አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ነው። ውል ይፈርማል፣ ክፍያ ያገኛል፣ ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት የሚያሠለጥነው ሰው አለው፣ ፈተናውንም የሚያዘጋጁት የንግድና የሙያ ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ 70 እና 30ን ወሰድን፣ ውሉንና አሠልጣኙን ግን ረሳን። ስለዚህ ልጁ ድርጅቱን ጠርጎ፣ ሻይ አመላልሶ ይመለሳል። ይህ ለልጁም ለእርስዎም ኪሳራ ነው። ከሠራተኞችዎ አንዱን ጎበዝ ይመድቡለት፣ ለዚያ ሠራተኛም ትንሽ ይጨምሩለት። ልጁ በየሳምንቱ የሠራው መዝገቡ ላይ ይፈረምለት። በሦስት ወር ውስጥ ማንን መቅጠር እንዳለብዎት በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ። ማስታወቂያ አውጥተው ይህን አያገኙትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆና መሥራት ትፈልጋለች። እንግሊዝኛዋ ግን ገና ነው። መጀመሪያ ቋንቋውን ትጨርስ? (ከሲያትል)

አትጠብቅ። እዚያው እናንተ ያላችሁበት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አይ-ቤስት የሚባል አሠራር አለ። በኮሚውኒቲና ቴክኒክ ኮሌጆች ይሰጣል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ አለ፤ አንዱ ሙያውን፣ ሌላው ቋንቋውን ያስተምራል። ቢያንስ ግማሹን ሰዓት አብረው ናቸው። ስለዚህ የደም ግፊት መለካት ስትማር የቃሉን አጠራርም እዚያው ትይዛለች። ቋንቋ ብቻ ለዓመታት መማር ሥራና ልጅ ላለው ሰው ከባድ ነው። የሲኤንኤ ሥልጠና በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ ረጅም አይደለም። በአቅራቢያችሁ ያለውን ኮሌጅ በዚህ ስም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲንጋፖር ለዜጋው የመማሪያ ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ። እኛ አገር ቢሆንስ? (ከጎንደር)

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜው 25 ለሞላ ዜጋ ሁሉ 500 የሲንጋፖር ዶላር የሥልጠና ሒሳብ ተከፍቶለታል። በ2024 ደግሞ 40 ለሞላቸው 4,000 ተጨምሯል። ተማሪው ራሱ መምረጡ ደስ ይለኛል። የኛ ሰው ግን ከክፍያው ይልቅ የሚቸገረው በጊዜ ነው። የቀን ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ከዋለ የዚያን ዕለት ገቢ አያገኝም። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን ለጠፋው ቀን አደርገዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት አረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሠርቼ ተመለስኩ። ምግብ እሠራለሁ፣ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋዊት አስታምሜያለሁ፣ አረብኛ እናገራለሁ። ሥልጠና ልጀምር ስሄድ ምንም ከማያውቁ ልጆች ጋር ከመጀመሪያው አስገቡኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። (ከወሎ)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ ውጭ ስትሄዱ ሥልጠናና የብቃት ምዘና ይጠየቃል፤ ስትመለሱ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ያካበታችሁትን የሚመዝን ሰው አይገኝም። ይህ ልክ አይደለም።

አንቺ ግን እንዲህ አድርጊ። እዚያ እያለሽ አንድ ቀንሽ እንዴት ይውል እንደነበር ከጠዋት እስከ ማታ ጻፊው። የአረጋዊቷን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደምትሰጪ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየስንት ሰዓቱ እንደምታገላብጫቸው፣ ለስንት እንግዳ ምን ምን እንደምታበስዪ፣ ምንም አታስቀሪ። ከዚያ የእንክብካቤና የምግብ ዝግጅት የሙያ ደረጃዎችን ከኮሌጁ ተቀብለሽ ጎን ለጎን አስተያዪው። ከመጀመሪያው ጀምሪ ካሉሽም ወረቀቱን አሳይተሽ «መጀመሪያ መዝኑኝ» በያቸው። ለመጻፉ ሰው ካስፈለገሽ ላኪልኝ፣ አብረን እንጽፈዋለን።