የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፖስታ ቤት የተረከበው ዕቃ አሁን በማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ውጭ አገር ለምትኖር እኅቴ ጥቂት መጻሕፍት በፖስታ ልኬላት ነበር። በተሰጠኝ የመከታተያ ቁጥር በየጊዜው ብመለከትም፣ «ከላኪው አገር ወጥቷል» ከሚለው መረጃ በኋላ ለቀናት ምንም አዲስ ነገር አልተጨመረም። ጥቅሉ ጠፍቶ ይሆን? ቁጥሩስ ይህን ካልነገረኝ ምን ሊጠቅመኝ ተሰጠኝ?

መልስ፦ የቁጥሩ ዝምታ ብቻውን ዕቃው ለመጥፋቱ ምልክት አይሆንም። አብዛኛው ሰው የመከታተያ ቁጥር ዕቃው በየሰዓቱ ያለበትን ስፍራ የሚያሳይ ይመስለዋል፤ ቁጥሩ የሚመዘግበው ግን ባርኮዱ የተነበበባቸውን ጥቂት ጊዜያት ብቻ ነው። በሁለት ንባቦች መካከል ረጅም መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ከአገር ወደ አገር በሚሄድ ዕቃ ላይ ደግሞ ይህ ክፍተት ከሁሉም የሰፋ ነው።

ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ከየፖስታ ቤቱ ተሰብስቦ ከሌሎች አገሮች ጋር መልእክት ወደሚለዋወጠው ቢሮ ይሄዳል። እዚያ ወደ አንድ መድረሻ የሚጓዙት ዕቃዎች ባርኮዳቸው አንድ በአንድ እየተነበበ ወደ ከረጢት ይገባሉ፤ የከረጢቱ አፍ ታስሮ ይታሸጋል፤ የራሱ ቁጥርና ባርኮድ ያለው መለያ ይንጠለጠልበታል፤ በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ዝርዝርም ለተቀባዩ አገር ፖስታ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ቀድሞ ይላካል። ከዚያ በኋላ አየር መንገዱም ሆነ የጭነት መጋዘኑ የሚያውቀው ከረጢቱን እንጂ በውስጡ ያሉትን መጻሕፍት አይደለም። ከረጢቱ ቀጥታ በረራ ከሌለ በሦስተኛ አገር በኩል ታሽጎ እንዳለ ሊያልፍ፣ በአውሮፕላን ላይ ቦታ እስኪገኝለትም ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የመጻሕፍቱን ባርኮድ የሚያነብ ሰው አይኖርም። ቀጣዩ ንባብ የሚደረገው በመድረሻው አገር የልውውጥ ቢሮ ከረጢቱ ሲፈታ ነው። ከዚያም ዕቃው ለጉምሩክ ይቀርባል፤ ጉምሩክ ደግሞ የራሱ ሕግና የራሱ ሰልፍ ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት በመሆኑ፣ በዚያ ለሚፈጠረው መዘግየት ፖስታውን መውቀስ ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ የመከታተያ ገጾቹ ይህን ለደንበኛው በሁለት መስመር ማስረዳት ሲችሉ ዝም ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው ይመስለኛል።

ስለ ቁጥሩ ጥቅም አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የመከታተያ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፤ በመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አሃዞች፣ በመጨረሻ ደግሞ ዕቃው የተላከበትን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። የመጀመሪያው ፊደል የአገልግሎቱን ዓይነት ይናገራል፤ «አር» (R) የአደራ ደብዳቤ ማለትም ተመዝግቦ የሚላክ ደብዳቤ፣ «ሲ» (C) ጥቅል፣ «ኢ» (E) ፈጣን መልእክት ነው። ዘጠነኛው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። ስምንቱ አሃዞች 12345678 ቢሆኑ በየተራ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ተባዝተው ሲደመሩ 204 ይመጣል፤ ይህ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ 6 ከ11 ሲቀነስ 5 ይሆናልና ዘጠነኛው አሃዝ 5 ነው። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገጥም ኮምፒውተሩ ስሕተቱን ወዲያው ይይዘዋል። ቁጥሩ ድንበር ሲሻገር ስለማይለወጥም፣ ከአገርዎ ፖስታ ገጽ ይልቅ በተቀባይዋ አገር ፖስታ ገጽ ላይ ቢፈልጉት የተሻለ ዜና ሊያገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቴምብር የገዛሁት ከአገሬ ፖስታ ቤት ነው፤ ደብዳቤዬን በር ድረስ የሚያደርሰው ግን የሌላ አገር ፖስታኛ ነው። የእርሱን ድካም ማን ይከፍላል? በአገር ውስጥስ ለቅርብም ለሩቅም አንድ ዓይነት ቴምብር የሚለጠፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1840 መባቻ ድረስ የደብዳቤ ዋጋ በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይሰላ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። የብሪታንያን ፖስታ ለማሻሻል የተነሣው ሮላንድ ሂል በ1837 ባቀረበው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ደብዳቤውን ከከተማ ከተማ ማጓጓዝ ከወጪው እጅግ ትንሹ ነበር፤ ገንዘቡን የሚበላው እያንዳንዱን ዋጋ ማስላት፣ በየበሩ ሒሳብ መሰብሰብና መዝገብ መያዝ ነው። ስለዚህ ዋጋው አንድ ወጥ ሆኖ አስቀድሞ እንዲከፈል ተደረገ፤ በጥር 1840 እስከ ግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) ለሚመዝን ደብዳቤ አንድ ፔኒ ተወሰነ፤ በግንቦት ደግሞ ተለጣፊው ቴምብር ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬም ቢሆን ለፖስታ ከባዱ ወጪ ፖስታኛው ከቤት ወደ ቤት የሚሄድበት የመጨረሻው መንገድ ነው። ቤቶች በተጠጋጉበት ከተማ አንድ ደብዳቤ ማድረስ ይቀላል፤ ቤቶች በተራራቁበት ገጠር ግን ቴምብሩ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። በብዙ አገሮች ሕግ ፖስታውን ለሁሉም ዜጋ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያደርስ ስለሚያስገድደው የከተማው ገቢ የገጠሩን ጉድለት ይደጉማል። የግል አመላላሾች ግን ትርፍ ያለበትን መንገድ መርጠው መሥራት ይችላሉና የሁለቱን ዋጋ ብቻ አነጻጽሮ ፖስታውን ደካማ ማለት ትክክል አይደለም።

ወደ ውጭ አገሩ ስንመጣ፣ በ1874 በበርን 22 አገሮች ተሰብስበው በኋላ የዓለም የፖስታ ኅብረት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። አባል አገሮች ለደብዳቤ ልውውጥ እንደ አንድ ግዛት እንዲቆጠሩ፣ ላኪው አገርም የሰበሰበውን የቴምብር ገንዘብ ለራሱ እንዲያስቀር ተስማሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ደብዳቤ መልስ ስለሚያስከትል ሒሳቡ በራሱ ይቻቻላል ተባለ። ነገር ግን ከሚልኩት ይልቅ እጅግ ብዙ የሚቀበሉ አገሮች የሌላውን ደብዳቤ በነጻ ማደል ሆነባቸው። በመሆኑም በ1969 በቶኪዮ የተካሄደው ጉባኤ ላኪው ፖስታ ለተቀባዩ ፖስታ የማደያ ሒሳብ እንዲከፍል ወሰነ፤ የጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው። ክፍያው በዕቃው ብዛትና ክብደት ተሰልቶ በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ይወራረዳል፤ ፖስታኛው ደመወዙን የሚቀበለው እንደወትሮው ከአሠሪው ነው። ሒሳቡ ዛሬም ያጨቃጭቃል። በኢንተርኔት የሚገዙ ትናንሽ ዕቃዎች በበዙበት ጊዜ አሜሪካ ክፍያው ዝቅተኛ ነው በማለት ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ ነበር፤ በ2019 በጄኔቫ የተጠራ ልዩ ጉባኤ አገሮች በተወሰነ ሁኔታ የራሳቸውን ተመን እንዲያወጡ በመፍቀድ ጉዳዩን አበረደው።

ጥያቄ፦ የተላከልኝ የአደራ ደብዳቤ አልደረሰኝም። እዚህ ያለው ፖስታ ቤት «ላኪው ይጠይቅ» ብሎ መለሰኝ። ደብዳቤው የእኔ አይደለምን?

መልስ፦ እጅዎ እስኪገባ ድረስ የእርስዎ አይደለም። በዓለም የፖስታ ስምምነት መሠረት ማንኛውም ዕቃ ለባለመብቱ እስኪሰጥ ድረስ የላኪው ንብረት ነው፤ በሕግ የተያዘ ዕቃ ብቻ ከዚህ ደንብ ውጭ ይሆናል። ካሣም ቢኖር በመጀመሪያ የሚገባው ለላኪው ነው። ስለዚህ ላኪዎ ደረሰኙን ይዞ ደብዳቤውን በሰጠበት አገር ፖስታ ቤት የፍለጋ ጥያቄ ያቅርብ፤ ጊዜውም ደብዳቤው ከተሰጠበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ያለ አደራ የተላከ ተራ ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ስለሌለው ካሣ የሚጠየቅበት አይሆንም ነበር።