ሳቁ ከየት ረድፍ እንደመጣ ስሙ

ቴአትር ለምትጽፉና ለምትተውኑ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣

ሰሞኑን ደሴ የታየውን አዲስ ቴአትር ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በአንድ ግቢ የሚያድጉ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው። የአከራዩ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። የተከራዩ ልጅ የመንግሥት። አባቷ ኮምቦልቻ ሲሚንቶ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁን የምታስጠናው እሷ ናት፤ ክፍያዋ ከቤት ኪራዩ ይቀነሳል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ሁለቱም 50 በመቶ አልሞሉም። ለእሱ ሌላ መንገድ ተፈለገለት። ለእሷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ተፈለገላት።

ዕድሜዬን ቴአትር ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ስለ ተውኔቱ ሌሎች ይጻፉ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ተመልካቹ ነው።

አባትየው ትምህርት ቤት ተጠርቶ የሚሄድበትን ትዕይንት አስታውሱ። ርዕሰ መምህሩ «ተቀመጡ» ይሉታል፤ እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንደቆመ ይቀራል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዶቹ ፈገግ ብቻ ነበር ያሉት። የተንከተከቱት መሐል ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ከኋላ ግን አንዲት እናት «ምኑ ነው የሚያስቀው?» አሉ። እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ የሆነው ነው ያሳዘነኝ። ተዋናዩ ሳቁን ሲሰማ ጎንበስ ማለቱን ጨመረበት። ንግግሩንም ጎተተው። ቅድም ያየነው ሰው ጠፋና መሳቂያ መጣ። ልጆቼ፣ በደሃ ላይ ሲሳቅ አትጨምሩ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ሳቁ ራሱ ይቆማል። ተማሪዎቹንም በክፉ አትዩአቸው። የብዙዎቹ አባት ቢሮ ሲገባ እንደዚያ ነው የሚቆመው። እፍረት ያለበት ልጅ ቀድሞ ይስቃል።

ከትዕይንቱ በኋላ የተደረገው ውይይት ከቴአትሩ አይተናነስም ነበር። አንድ ወጣት ተነስቶ ስለ ልጅቷ «ብታጠና ኖሮ ታልፍ ነበር» አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 845,000 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ያህል ልጅ በስንፍና ብቻ አይወድቅም። የእኛዎቹ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ትምህርታቸው ተቋርጦ ነው የከረሙት። ለዚያ ወጣት ይህን የሚነግረው ሰው ከመድረኩ አልመጣም።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄን የግል ስላስተማርኩ ሀብታም አደረጋችሁኝ፤ እኔ ከአፌ ነጥቄ ነው የምከፍለው» አሉ። ደራሲው «ቴአትር እኮ ነው» ብሎ አለፋቸው። እንዲህ አይባልም። እኚህ ሴት ተውኔቱ የሳተውን ነው የነገሩት። እኛ አገር ሀብታምና ደሃ በትምህርት ቤት አጥር ብቻ አይለይም። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት በምትልከው ብር ወንድሟ የግል ትምህርት ቤት የሚማርበት ቤት በወሎ ሞልቷል። እሷ ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ ነው የሄደችው። በዚያ ግቢ ውስጥ እሷ የለችም። መኖር ነበረባት።

ተመልካች ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። «መምህሩን አሰደባችሁት» ያሉት መምህር ቅሬታ አልገባኝም። በተውኔቱ ያለው መምህር በደመወዙ ወር መድረስ አቅቶት ማታ ማታ ሲያስጠና ነው የታየው። እውነት ነው፤ እንዳትነኩት። ግን እሳቸውንም እስከ መጨረሻው አዳምጡ። መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። ደብተር ያዙና ጻፉ።

አሁን ኮምቦልቻ ልትወስዱት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የቀን ፈረቃ የሚወጡት ሠራተኞች እንዲደርሱበት ሰዓቱን አስተካክሉ። ለእነሱ የቲኬቱን ዋጋ ቀንሱ። ከተቻለ የፊት ወንበሩን ለእንግዳ ሳይሆን ለእነሱ ስጡ። ደራሲው ከመጋረጃ ጀርባ አይቁም፤ ከኋላ ረድፍ ይቀመጥ። ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ «ጥሩ ነው» ብለው ይሄዳሉ። «የቱ ጋ ነው እኛ ቤት እንዲህ አይደለም ያላችሁት?» በሏቸው። የሚሏችሁን ይዛችሁ ያቺን እህት ግቢው ውስጥ አስገቧት።