መስመሩ ስላማረ ብቻ አትመኑት

የቤት ፕላን መሳል የጀመራችሁ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ልጅ ደሴ ወዳለው ቢሮዬ መጣ። «ጋሼ፣ አዲሱ ኦቶካድ የለኝም። ላፕቶፔም ሪቪት መክፈት አይችልም። እንዲህ ሆኜ ሥራ አገኛለሁ?» አለኝ። ሁለቱም ፕላን የሚሳልባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። ፊቱ ላይ ጭንቀት አየሁ። አብሽር፣ ተቀመጥ አልኩት። ቡና አስመጣንና ብዙ አወራን። ያኔ የነገርኩትን ለሌሎቻችሁም ልጽፍላችሁ ብዬ ነው።

እኔ ፕላን መሳል የጀመርኩት በእጅ ነው። ትሬሲንግ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ወጥሬ፣ ቲ ስኩዌር ይዤ፣ በሮትሪንግ ብዕር። ስንሳሳት ቀለሙን የምንፍቀው በምላጭ ነበር። ምላጩን ትንሽ ጫን ካደረጋችሁት ወረቀቱ ይቀደዳል፤ የሁለት ቀን ሥራ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ መስመር ከማስመራችን በፊት እናስብ ነበር። ምላጩ ያስፈራን ነበር።

ይህን ስል ድሮን እያሞገስኩ አይደለም። ደንበኛ መጥቶ «መኝታ ቤቱ በግማሽ ሜትር ይስፋልኝ» ሲል ፕላኑም፣ ሴክሽኑም (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ)፣ ኤሌቬሽኑም (ከውጭ ፊቱ ሲታይ) እንደ አዲስ ይሳላሉ። ልጆቼን ሳላያቸው የማድርባቸው ቀናት ነበሩ። ኦቶካድ በፈረንጆቹ 1982 ነው የወጣው፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ቆይቷል። ሲደርስ ግን አፌን ከፍቼ አየሁት። ኦፍሴት የምትባለዋ ትእዛዝ ብቻ ስንት ሌሊት መለሰችልኝ! 20 ሳንቲ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የግድግዳው ሁለተኛ ፊት ቁጭ ይላል። እና የእኔ እኩያ የሆነ ሰው «ኮምፒውተር እጅ ያሰንፋል» ቢላችሁ አትስሙት። ተማሩት። በደንብ አድርጋችሁ ተማሩት።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በእጅ ስንሳል አለማወቃችን ይታይ ነበር። የጀማሪ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ጥግ ላይ ይወፍራል፣ ቁጥሩ ይወላገዳል። አለቃ ከሩቅ አይቶ «ይሄን ማን ነው የሳለው?» ይልና ቀይ እርሳሱን ያነሳል። ዛሬ ትናንት የጀመረ ልጅና 30 ዓመት የሠራ ሰው የሚያትሙት ወረቀት እኩል ያምራል። ፕሮግራሙ የሁላችንንም መስመር ያቀናል። ያላወቅነውንም ነገር አሳምሮ ያወጣልናል። ግንበኛው ደግሞ ያንን ወረቀት አምኖ ነው ድንጋይ የሚያስቀምጠው።

እኔው ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ባለቤት ምድር ቤቱን ለሱቅ ሊያከራየው አሰበና ከወለል እስከ ወለል ያለው ከፍታ ከ3.06 ሜትር ወደ 3.60 ይደግ አለ። ቀን ገፍቶናል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሴክሽኑን እንደገና ከመሳል ይልቅ የልኬቱን ቁጥር ላዩ ላይ ለወጠው። መስመሩ 3.06 ነው፣ ቁጥሩ 3.60 ይላል። ኦቶካድ ይህን ስታደርጉ አይከለክላችሁም። እኔም አየሁት፣ ንጹሕና የሚያምር ሥዕል ነው፣ ፈረምኩ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ሳይት ላይ የአናጺዎቹ አለቃ የደረጃውን ፎርማ፣ ኮንክሪቱ የሚሞላበትን እንጨት፣ ሊመቱ ሲሉ ቆሙ። ዕድሜያቸው ከእኔ ይበልጣል። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ከወለሉ ተነስተው ሶሌታው፣ የላይኛው ፎቅ የኮንክሪት ወለል፣ እስከሚያርፍበት ምልክት ድረስ በሜትር ለኩ። ወረቀቱን እንጨት ላይ ዘረጉትና ደረጃዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ 18። የእያንዳንዱ ከፍታ 17 ሳንቲ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ «ኢንጂነር፣ ይሄ ደረጃ ላይ አይደርስም» አሉኝ።

እውነትም አይደርስም። 18 በ17 ሲባዛ 3.06 ሜትር ነው። 54 ሳንቲው አየር ላይ ቀርቷል። ሦስት ደረጃ መጨመር አለብን፤ ሦስት ደረጃ ደግሞ በ30 ሳንቲ መርገጫ 90 ሳንቲ ቦታ ይበላል። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ ነው፣ ከጫፉ ላይ መታጠቢያ ቤት አለ። ደግነቱ ሶሌታው አልተሞላም፣ የመታጠቢያው ግድግዳም አልቆመም። ከመታጠቢያው ቀንሰን ተረፍን። ባለቤቱን ይቅርታ ስጠይቅ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

አናጺው የያዙት ሜትር፣ እርሳስና በሕይወታቸው የሠሯቸውን ደረጃዎች ነው። የአንዱ ደረጃ ከፍታ ሁለት ጊዜ ተወስዶ መርገጫው ሲደመርበት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ አካባቢ መምጣት አለበት። 17፣ 17፣ 30፤ ድምሩ 64። ይህ ልክ የመጣው ከሰው እርምጃ ነው። እሳቸው ቀመሩን አያውቁትም፤ እግራቸው ግን ያውቀዋል።

«ሪቪት ቢሆን ኖሮ ፕላኑና ሴክሽኑ አብረው ስለሚለወጡ እንዲህ አይሆንም ነበር» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አቅሙ ካላችሁ ተማሩት። ግን ደሴን አስቧት። ቶሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብዙው ቦታ ተዳፋት ነው። አንዱ ቤት ከኋላው ተቆፍሮ ከፊት ለፊቱ ይሞላል። ወደ እኔ የሚመጡ ሴክሽኖች ላይ ግን የመሬቱ መስመር እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ አየዋለሁ። ለምን? ፕሮግራሙን ስትከፍቱት የሚሰጣችሁ ሜዳ ነው። መሬቱ ስንት እንደሚወርድ ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል? ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ቦርከና ሜዳ ላይ ብትሠሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ያጋጥማችኋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስክሪኑ ላይ ግን የሁለቱም ከተማ መሬት አንድ ዓይነት መስመር ነው።

ለዚያ ልጅ አሮጌው ኦቶካድ ይበቃሃል ያልኩት ለዚህ ነው። ግድግዳ፣ በር፣ ደረጃ፣ ልኬት፤ ይሄ ሁሉ በድሮውም ይሳላል። አዲስ ላፕቶፕ መግዣ ገንዘብ ከሌለህ የአምስት ሜትር መለኪያ ግዛ። የገባህበትን ቤት በር ለካ። የደረጃ ቁጥር ጻፍ። ልኬት ላይ በጭራሽ ቁጥር አትጻፍበት፤ መስመሩን አስተካክለው፣ ቁጥሩ ራሱ ይከተላል። ኮንክሪት ሲሞላ ሄደህ ቁም፣ አናጺዎችን አክብረህ ጠይቅ።

አሁን አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። እጇ በጣም ፈጣን ነው፣ እኔ አልደርስባትም። ባለፈው ክረምት አንድ ተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ስላ አመጣችልኝ። ምንም አላልኳትም፤ ቦት ጫማ አውጥቼ ሰጠኋትና አብረን ሄድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጎርፉ ከላይኛው ጎረቤት አጥር ሥር ወጥቶ፣ እሷ ሳሎን ብላ የሳለችው ቦታ መሃል አቋርጦ ይወርዳል። ብዙ ቆማ አየችው። ስንመለስ ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ኮምፒውተሩን ከፈተችና የመሬቱን መስመር አጠፋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ውሃውን በየት በኩል እናሳልፈው?» አለችኝ።